ኤች-ኢንዴክስ ምንድን ነው?

ጎንደር ውስጥ የሚያስተምር የሳይበር ደህንነት ተመራማሪ ሲቪውን ሲያዘጋጅ፣ ከማዕረጉና ከጽሑፎቹ ዝርዝር ቀጥሎ አንድ ቁጥር ይጠበቅበታል። ለምርምር ገንዘብ ሲያመለክት፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር አብሮ ለመሥራት ሲጻጻፍ፣ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ለማማከር ሲታጭ ይህ ቁጥር ይታያል። ኤች-ኢንዴክስ የሚባለው እሱ ነው።

ትርጉሙ አጭር ነው። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ በምንጭነት ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች ካሉት፣ ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች ግን ከሌሉት ኤች-ኢንዴክሱ 5 ይሆናል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረበው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የሆነው ሆርሄ ሂርሽ ነው። የአንድን ተመራማሪ ሥራ ብዛትና የተጠቃሽነቱን መጠን ባንድ ቁጥር ለመያዝ ፈልጎ ነበር።

በእጅ ለማስላት ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። አንድ መምህር 9 ጽሑፎች አሉት እንበል። የተጠቀሱበትን ብዛት ከትልቁ ወደ ትንሹ እንደርድር፦ 31፣ 18፣ 11፣ 7፣ 6፣ 5፣ 3፣ 1፣ 0። ከዚያ ከግራ ጀምሮ 1፣ 2፣ 3 እያሉ ተራ ቁጥር መስጠት ነው። አምስተኛው 6 ጊዜ ተጠቅሷል፤ 6 ከ5 ስለማያንስ ያልፋል። ስድስተኛው የተጠቀሰው ግን 5 ጊዜ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ይቆማል። ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው።

ይህችን ረድፍ ጥቂት ብናገላብጣት የቁጥሩ ጠባይ ይገለጣል። ስድስተኛው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተጨማሪ ቢጠቀስ ቁጥሩ 6 ይገባል። ከ6 ወደ 7 ለመድረስ ግን አንድ አይበቃም፤ አምስተኛውና ስድስተኛው አንድ አንድ፣ ሰባተኛው ደግሞ 4፣ በድምሩ 6 ተጨማሪ መጠቀስ ያስፈልጋል። ከፍ ባለ ቁጥር ደረጃው እየራቀ ይሄዳል። በሌላ በኩል 31 የተጠቀሰው የመጀመሪያው ጽሑፍ 3100 ቢደርስ እንኳ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። የምስጠራ ተመራማሪዎቹ ዲፊና ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ጽሑፍ የዘመናዊ ምስጠራን መንገድ የቀየረ ቢሆንም፣ በዚህ ስሌት የሚቆጠረው እንደ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው። ትልቅ ግኝት ያለውን ሰው ከዚህ ቁጥር ብቻ መለየት አይቻልም።

አሁን እኛ አገር ወደሚብሰው ችግር እንምጣ፦ ወደ ስም። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የውጭ ጆርናሎች ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርገው ይወስዱታል። መምህሩ አንዱን ጽሑፍ በራሱና በአባቱ ስም፣ ሌላውን አያቱን ጨምሮ በሦስት ስም ካሳተመ፣ መጠቀሱን የሚቆጥረው የመረጃ ቋት ሁለት የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። የፊደል አጻጻፉም ሌላ ጣጣ ነው። «አለማየሁ» በላቲን ሲጻፍ ከዋይ በኋላ ኢ የሚጨምር አለ፣ የማይጨምርም አለ። ከተማዋም ራሷ አንዴ በኤ፣ አንዴ በኢ ትጻፋለች፤ የዩኒቨርሲቲው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍም ቃላቱን ገልብጦ የሚያስቀምጥ አይጠፋም።

ጉዳቱ በቁጥር ይታያል። ከላይ ያለው ረድፍ ለሁለት ቢከፈልና አንዱ ገጽ ላይ 31፣ 7፣ 5፣ 1፣ 0፣ ሌላው ላይ 18፣ 11፣ 6፣ 3 ቢቀመጥ፣ የሁለቱም ኤች-ኢንዴክስ 3 ነው። 5 የነበረው ሰው ሥራው ሳይቀንስ በ3 ይታያል። ሁለቱን 3 ደምሮ 6 ማለትም ስህተት ነው፤ ረድፎቹ ተቀላቅለው እንደገና መደርደር አለባቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ከመላክ በፊት አንድ የስም አጻጻፍ መርጦ እስከ ጡረታ በሱ መጽናት ይገባል። ቀጥሎ ኦርኪድ የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር ማውጣት ነው። በነፃ ነው፣ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ስም ቢቀየር እንኳ ሰውየውን ይለያል። የተከፋፈለ ካለ ጉግል ስኮላር በሚባለው የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ገጽ ከፍቶ በሁለቱም ስም የወጡትን መሰብሰብ፣ የተደገሙትንም መርጦ ማዋሃድ ይቻላል። እዚያው «አዲስ ጽሑፍ በራሱ ይጨመር» የሚለውን ምርጫ አጥፍቶ «በኢሜይል ይጠይቀኝ» የሚለውን መያዝ ይሻላል። አለበለዚያ የሞክሼ ሥራ ገብቶ ቁጥሩን ያለአግባብ ያሳብጠዋል፤ ሌላ ሰው ሲያገኘው ደግሞ ባለቤቱን የሚያሳፍር ነው። ስኮፐስ በሚባለው ሌላ የመረጃ ቋት ላይ ገጾቹን የሚያዋህደው ድርጅቱ ስለሆነ ጥያቄ ይላክለታል።

የት እንደተቆጠረም ማወቅ ግድ ነው። ጉግል ስኮላር የመመረቂያ ጽሑፍንም፣ ገና ያልተገመገመ ረቂቅንም ስለሚቆጥር ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚባለው ቋት የሚቆጥሩት መርጠው ያስገቧቸውን ጆርናሎች፣ ኮንፈረንሶችና መጻሕፍት ብቻ ነው። ያው ሰው በአንዱ 12፣ በሌላው 7 ቢሆን የዋሸ የለም።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ስህተት ግን ዘርፍን ከዘርፍ ማወዳደር ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጀመረው በጤና ማሠልጠኛነት ነው፤ የጤና ምርምሩ ሥር የሰደደ ነው። በሕክምናው ዓለም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጋራ የሚፈርሙባቸው ዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናቶች አሉ። አንዱ ጽሑፍ ብዙ ሺህ ጊዜ ይጠቀሳል፤ መጠቀሱም ለእያንዳንዱ ፈራሚ ሙሉ በሙሉ ይታሰባል። የሳይበር ደህንነት ተመራማሪ ደግሞ ባብዛኛው ከሦስት ከአራት ሰው ጋር ይጽፋል። ሁለቱን ባንድ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ «ይኼኛው ይበልጣል» የሚል ኮሚቴ የሚለካው የዘርፎቹን ልማድ እንጂ የሰዎቹን ብርታት አይደለም። ሂርሽ ራሱ በአሜሪካ ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ለተባባሪ ፕሮፌሰር 12፣ ለሙሉ ፕሮፌሰር 18 አካባቢ ሊሆን ይችላል ያለው ለፊዚክስ ሰዎች ነው፤ ያንን አንስቶ ሌላ ዘርፍ ላይ መለጠፍ አግባብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ መለኪያው ያልታሰበ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል በጽሑፍ ገልጿል።

የሳይበር ደህንነት ዘርፍ የራሱ ጠባይም አለው። ዋነኞቹ ሥራዎች የሚወጡት ከጆርናል ይልቅ በኮንፈረንስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚካሄደው የአይትሪፕልኢ የደህንነትና የግላዊነት ጉባኤ፣ ዩዝኒክስ ሴኪዩሪቲ፣ የኤሲኤም ሲሲኤስና ኤንዲኤስኤስ አራቱ ታላላቆች ይባላሉ፤ ከሚላክላቸው ጽሑፍ አብዛኛውን ይመልሳሉ። ጆርናል ብቻ የሚቆጥር ገምጋሚ እዚያ የወጣን ሥራ እንደ ስብሰባ ንግግር ካየው የተመራማሪው የዓመታት ድካም ሳይቆጠር ይቀራል። የጊዜው ነገርም አለ። በአንድ ሶፍትዌር ላይ የደህንነት ቀዳዳ ያገኘ ተመራማሪ ወዲያው አያሳትምም፤ መጀመሪያ ለአምራቹ ያሳውቃል፣ እስኪጠገን ይጠብቃል። በተለምዶ 90 ቀን ይሰጣል፣ አንዳንዴ ከዚያም ይረዝማል። ተጠቃሚን ለመጠበቅ ሲል የዘገየ ጽሑፍ መጠቀስ የሚጀምረውም ዘግይቶ ነው። ያገኘው ቀዳዳ ሲቪኢ የሚባለው ዓለም አቀፍ የቀዳዳ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት በዓለም ዙሪያ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን ቢያድሱበትም ኤች-ኢንዴክስ ላይ አንድም ነጥብ አይጨምርም።

በዚህ ምክንያት ቁጥሩን ሲቪ ላይ ብቻውን መጣል አይበቃም። የተቆጠረበትን ቋትና ቀን፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ የወጣበትን ዓመት አብሮ መጻፍ ይገባል፤ የ5 ዓመት ተመራማሪ 6 እና የ20 ዓመት ተመራማሪ 6 አንድ አይደሉምና። ከሥሩ ደግሞ ሲቪኢ ቁጥሮች፣ በነፃ የተለቀቁ የፍተሻ መሣሪያዎችና የኮንፈረንስ ጽሑፎች ለየብቻ ይዘረዘሩ፤ ከእያንዳንዱ የኮንፈረንስ ጽሑፍ ጎንም ስንት ገምጋሚ እንዳየው በአንድ መስመር ይጻፍ።