የፐልፕ ካውቦይ ታሪኮች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካውቦይ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልሙ ነው። ፊልሙን ለአሥርት ዓመታት በታሪክ ሲቀልቡት የኖሩት ግን በ10፣ በ15 እና በ25 ሳንቲም በአሜሪካ ጋዜጣ መሸጫዎችና ባቡር ጣቢያዎች ይቸበቸቡ የነበሩ የልብ ወለድ መጽሔቶች ናቸው። ፐልፕ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዛሬ ታሪኮቹ የሚገኙት ስካን በተደረገ መጽሔት፣ እንደገና በታተመ መጽሐፍ ወይም በድምፅ ነው። ስለ እነሱ የሚባለው አብዛኛው ስህተት የሚመጣው የትኛው ቅጂ እጃችን እንደገባ ሳናጣራ ስንፈርድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፐልፕ ማለት ርካሽ ጽሑፍ ማለት ነው»

ርካሹ ወረቀቱ ነው። ከተፈጨ እንጨት የሚሠራ ሻካራ ወረቀት ሲሆን፣ ገጹ 18 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ጽሑፉም በሁለት ዓምድ የተደረደረ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ለሽፋኑ ነበር፤ ገዢን ከሩቅ የሚጠራው እሱ ነውና አንጸባራቂና ባለ ቀለም ይደረጋል።

ጸሐፊው የሚከፈለው በቃል ቁጥር ነው። ኤልሞር ሌናርድ «ስሪ ቴን ቱ ዩማ» የተባለውን አጭር ታሪኩን በመጋቢት 1953 «ዳይም ዌስተርን» ላይ ሲያወጣ ያገኘው በቃል 2 ሳንቲም ነበር። ታሪኩ በ1957 እና በ2007 ሁለት ጊዜ ፊልም ሆኗል። ርካሽ ክፍያ ሁልጊዜ ርካሽ ሥራ አላስገኘም ማለት ነው።

የክፍያው ዘዴ ግን ጽሑፉ ላይ አሻራውን ትቷል። በቃል የሚከፈለው ሰው ያንዛዛል። ሁለት ሰዎች «እሺ?»፣ «እሺ»፣ «እርግጠኛ ነህ?» እየተባባሉ ግማሽ ዓምድ ከሞሉ፣ ወይም ፀሐይ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከጠለቀች ነገሩ ይኸው ነው፤ ያለ ጸጸት ይዝለሉት። እንደኛ ግምት ከአንድ እትም ውስጥ ጠበቅ ብለው የሚገኙት ከ4,000 እስከ 6,000 ቃል ያላቸው አጫጭር ታሪኮች ናቸው፤ አርታኢው የሚሰጣቸው ቦታ የተቆረጠ ስለሆነ ማንዛዛት አይቻልም። አዲስ አንባቢም በእነሱ ቢጀምር ይሻላል።

«ሁሉም ታሪክ በአደባባይ ተኩስ ያልቃል»

ሁለት ሰዎች መንገድ መሃል ፊት ለፊት ቆመው ሽጉጥ የሚማዘዙበት ትዕይንት በእውኑ ዓለም ብርቅ ነው። በደንብ ከሚታወቁት አንዱ ዋይልድ ቢል ሂኮክና ዴቪስ ተት በሐምሌ 1865 ስፕሪንግፊልድ፣ ሚዙሪ ውስጥ ያደረጉት ነው፤ መካከላቸው የነበረው ርቀትም 70 ሜትር ገደማ ነበር። በጥቅምት 1881 ቱምስቶን ውስጥ የተካሄደው የኦኬ ኮራል ግጭት ደግሞ በጥቂት ሜትር ርቀት ተጀምሮ በ30 ሴኮንድ ገደማ አለቀ።

የመጽሔቶቹ እውነተኛ ነዳጅ ውኃና ሣር ነው። ምንጩን የያዘ በዙሪያው ያለውን ግጦሽ ሁሉ ያዛል። በ1874 የባለቤትነት መብት የተሰጠው፣ ግሊደን የተባለ ሰው የሠራው እሾሃማ ሽቦ ክፍቱን ሜዳ ከፋፈለው። ከ1886 ወደ 1887 የተሸጋገረው የበረዶ ክረምት ደግሞ ከብቱን ፈጅቶ ትልልቅ አርቢዎችን አከሰረ። ሽቦ ቆራጭ፣ የባለቤቱ ምልክት የተለወጠበት ጥጃ፣ የውርስ ክርክር፣ ባቡሩ በማን መሬት ይለፍ የሚል ጠብ፦ ታሪኮቹ የሚሽከረከሩት በእነዚህ ዙሪያ ነው። የግጦሽና የውኃ ጉድጓድ ጠብ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ አገር አንባቢ ይህ ምንም ማብራሪያ አያሻውም።

ተኩሱ ሲመጣም ጸሐፊው ነገሩን ማወቅ አለማወቁ የሚለይበት ቦታ አለ። የ1873ቱ ኮልት ስድስት ጥይት ይይዛል፤ ጠንቃቃ ሰው ግን አምስት ብቻ አጉርሶ መዶሻውን ባዶው ጉድጓድ ላይ ያሳርፈዋል፤ መዶሻው በድንገት ቢመታ ራሱን እንዳያቆስል። ቀለሃው በአንድ ጊዜ አይራገፍም። በጎን ባለችው ትንሽ በር፣ በዘንግ እየተገፋ፣ አንድ በአንድ ይወጣል፤ አዲሱም አንድ በአንድ ይገባል። ባሩዱ ጥቁር ባሩድ ስለሆነ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከጥቂት ጥይት በኋላ ጭሱ ዓይን ያሳውራል። ጭሱን የማይረሳ፣ ጥይቱን የሚቆጥር ጸሐፊ ሲያገኙ ስሙን ይያዙ። አሥር ጊዜ ተኩሶ ምንም የማያጎርስ ጀግና የሚፈጥረው ደግሞ በሌላ ነገር ካልካሰ በቀር አይደክሙበት።

«ጸሐፊዎቹ ካውቦይ ስለነበሩ የጻፉት ታሪክ ይማሩበታል»

አንዳንዶቹ ነበሩ። ዋልት ኮበርን ያደገው ሞንታና ውስጥ በአባቱ የከብት እርባታ ላይ ነው። ሆፓሎንግ ካሲዲ የተባለውን የካውቦይ ገጸ ባሕርይ የፈጠረው ክላረንስ ሙልፎርድ ግን ብሩክሊን ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ ምዕራቡን ያወቀው በንባብ ሲሆን ያነበበውን በካርድ ላይ እየመዘገበ ያስቀምጥ ነበር። ማክስ ብራንድ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፍሬደሪክ ፋውስት ብዙውን ታሪኩን የጻፈው ጣልያን፣ ፍሎረንስ ከተማ ተቀምጦ ነው። በ1944 የጦር ሜዳ ዘጋቢ ሆኖ የሞተውም እዚያው ጣልያን ነው።

ትልቁ ጉድለት ከገጹ ላይ የቀረው ሰው ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ከብት ነጂዎቹ ውስጥ እስከ አንድ አራተኛ የሚደርሱት ጥቁሮች እንደነበሩ ይገምታሉ። ኮርቻውን፣ የገመድ አጣጣሉንና የመንጋ አያያዙን ያስተማሩት ደግሞ የሜክሲኮ ከብት ጠባቂዎች ናቸው። በመጽሔቶቹ ግን ጀግናው ሁልጊዜ ነጭ ነው ማለት ይቻላል፤ የአገሬው ተወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠላት ወይም ዱካ አንባቢ ብቻ ነው። እንግዲህ እነዚህ ታሪኮች ስለ 1870ዎቹ ከሚነግሩን ይልቅ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የነበረው አንባቢ ምን ማመን ይወድ እንደነበር ይነግሩናል።

«የወንድ ልጆች ንባብ ነው»

ከፐልፕ መጽሔቶች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ «ራንች ሮማንስስ» ነው። ከ1924 እስከ 1971 የታተመው ይህ መጽሔት ፍቅርንና ከብት እርባታን አዋህዶ ብዙ ሴት አንባቢዎችን የያዘ ነበር። ቢ. ኤም. ባወር የሚለው ስም ደግሞ የበርታ ሙዚ ባወር ነው። የሞንታናን የእርባታ ኑሮ በዓይኗ ያየች ሴት ነበረች፤ ስሟ በምሕጻር ስለሚታተም ግን ብዙው አንባቢ ወንድ ትመስለው ነበር።

«መጽሐፉ የመጽሔቱ ግልባጭ ነው»

አይደለም፤ ገንዘብ የሚባክነውም በዚህ ነው። መጀመሪያ ርዕሱ ይቀየራል። የፋውስት «ዴስትሪ ራይድስ አጌን» በ1930 «ዌስተርን ስቶሪ ማጋዚን» ላይ በተከታታይ ሲወጣ ርዕሱ «ትዌልቭ ፒርስ» ነበር። ሰውየው ወደ 20 የሚጠጉ የብዕር ስሞች ነበሩት፦ ጆርጅ ኦወን ባክስተር፣ ዴቪድ ማኒንግ፣ ኢቫን ኢቫንስ እና ሌሎችም። አንድ እትም ላይ ከአንድ በላይ ታሪክ ስለሚያወጣ አንባቢ እንዳይሰለች በሌላ ስም ይከፋፈልለት ነበር። በኋላ ግን አሳታሚዎች ሁሉንም «ማክስ ብራንድ» ብለው አወጧቸው። ስለዚህ ሁለት ርዕስ ገዝቶ አንድ ታሪክ ማንበብ ቀላል ነው።

መፍትሔው ከርዕስ ገጹ ጀርባ ያለውን የቅጂ መብት ገጽ ማየት ነው። ጥሩ አሳታሚ የመጀመሪያውን የመጽሔት ርዕስ፣ ቀንና ስም ይጽፋል። ይህ ከሌለ የመጀመሪያውን አንቀጽ አስቀድመው ካነበቡት ጋር ያስተያዩ፤ ርዕስ ይለወጣል እንጂ የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አይነካም።

ገጸ ባሕርይም ይቀየራል። የሙልፎርድ ሆፓሎንግ የሚያነክስ፣ የሚጠጣ፣ አፉ የማይገራ ሰው ነው። ከ1935 ጀምሮ ዊልያም ቦይድ በፊልም የተጫወተው ግን ንጹሕና ጨዋ ሆነ። ልዊ ላሞር በ1950 እና በ1951 ቴክስ በርንስ በሚል ስም በዚሁ ገጸ ባሕርይ ላይ የጻፋቸው አራት መጻሕፍትም የፊልሙን ሰው እንዲመስሉ ተደርገው ነው የወጡት። ሻካራውን ሆፓሎንግ የፈለገ ከ1930 በፊት የወጡትን የሙልፎርድ መጻሕፍት ይያዝ።

«ማዳመጥ ማለት ያው መጽሐፉን መስማት ነው»

ትረካና የሬዲዮ ድራማ ለየቅል ናቸው። ተራኪ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ያነባል። 60,000 ቃል ያለው ልብ ወለድ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል ማለት ነው። «ሙሉ መጽሐፍ» ተብሎ 3 ሰዓት ብቻ የሚሆን ትረካ ካጋጠመዎ ተቆርጧል። የሬዲዮ ድራማ ግን ለግማሽ ሰዓት ሥርጭት ተብሎ የተጻፈ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ የመጽሐፍ ማሳጠሪያ አይደለም።

«ገንስሞክ» የተባለው የካውቦይ ድራማ ለብዙዎች ከቴሌቪዥኑ የተቀዳ ድምፅ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሬዲዮ የጀመረው ሚያዝያ 1952፣ በቴሌቪዥን ደግሞ በ1955 ነው። ሁለቱ እስከ 1961 ጎን ለጎን ሲሄዱ ተዋናዮቹም የተለያዩ ነበሩ፤ የሬዲዮው ማርሻል ዊልያም ኮንራድ ነው። «ሃቭ ገን ዊል ትራቭል» ግን በተቃራኒው በ1957 በቴሌቪዥን ተጀምሮ በ1958 ወደ ሬዲዮ ገባ። የ1933ቱ «ሎን ሬንጀር» ለልጆች፣ «ገንስሞክ» ለአዋቂዎች የተሠራ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያውን ሰምቶ ዘውጉን በሙሉ የልጅ ጨዋታ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ትረካን በ1.25 ፍጥነት ማዳመጥ ብዙ አይጎዳም። ድራማን ግን አያፍጥኑ። በጣውላ ላይ የሚረግጠው ጫማ፣ የሩቅ ውሻ ጩኸት፣ ማንም የማይናገርበት ሦስት ሴኮንድ፦ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

«የድሮ ሬዲዮ ድምፁ ጫጫታ ስለሚበዛው አይሰማም»

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲጂታል ቅጂው ነው። ውኃ ውስጥ እንዳለ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከሰሙ በሴኮንድ 32 ኪሎቢት የተጨመቀ ወይም ጫጫታው ከልክ በላይ የተፋቀ ፋይል ነው። የግማሽ ሰዓት ክፍል በ32 ኪሎቢት 7 ሜጋባይት፣ በ128 ደግሞ 29 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዳታ መቆጠብ ከፈለጉ 64 ይበቃል። በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ ስልኩን ወደ ሞኖ (በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ድምፅ) ይቀይሩት።

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ፕሮግራም የሚቀዳው 40 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው ዲስክ ሲሆን አንዱ ገጽ 15 ደቂቃ ይይዛል። መሃል ላይ ድምፁ በድንገት ከተለወጠ ዲስኩ ተገልብጦ ነው፤ የጎደለ ነገር የለም። ሌላው ችግር በተሳሳተ ፍጥነት የተገለበጠ ቴፕ ነው። ማስታወቂያውን ጨምሮ 29 ደቂቃ ተኩል ሊሆን የሚገባው ክፍል ምንም ሳይቆረጥ በ27 ደቂቃ ካለቀና የሁሉም ሰው ድምፅ ከቀጠነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የስልክ ማጫወቻ ፍጥነቱን ብቻ እንጂ ቅጥነቱን ስለማያስተካክል አያድነውም። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፍጥነትና ቅጥነትን አብሮ የሚለውጠውን ማስተካከያ ተጠቅመው ወደ 91.5 በመቶ ያውርዱት።

«ያረጀ ስለሆነ ነፃ ነው»

ጽሑፉና ቅጂው የተለያየ መብት አላቸው። በአሜሪካ ሕግ በ1920ዎቹ የታተመ ጽሑፍ 95 ዓመት ሲሞላው በሚከተለው ጥር 1 ነፃ ይወጣል። እስከ 1963 ከታተሙት ውስጥ በ28ኛው ዓመት መብታቸው ያልታደሰላቸው ብዙ የመጽሔት ታሪኮችም ነፃ ናቸው፤ ይህ ግን አንድ በአንድ መጣራት አለበት። የድምፅ ቅጂ ሌላ ነው። በ2018 በወጣው ሕግ ከ1923 እስከ 1946 የወጣ ቅጂ 100 ዓመት፣ ከ1947 እስከ 1956 የወጣው ደግሞ 110 ዓመት ይጠበቃል። የድሮ ሬዲዮ በየድረ ገጹ መገኘቱ ብቻ ነፃ ነው አያሰኘውም። ያለ ጥያቄ ነፃ የሆነ ድምፅ የፈለገ ሊብሪቮክስ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በጎ ፈቃደኞች ያነበቧቸውን የባወርን፣ የሙልፎርድንና የብራንድን ቀደምት ሥራዎች ያዳምጥ፤ ጽሑፋቸው ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አለ። ወደ አማርኛ ተርጉሞ በዩቲዩብ መተረክ የሚያስብም ከእነዚህ ቢነሳ ከራስ ምታት ይድናል።

«እንግሊዝኛው አይቻልም»

ትረካው በአጭር ዓረፍተ ነገር ነው የሚሄደው፤ የሚያደናቅፈው እንደ አነጋገሩ የተጻፈው ንግግር ነው። ድምፁን እየሰሙ ጽሑፉን በዓይን ይከተሉ። የ5,000 ቃል ታሪክ 33 ደቂቃ ገደማ ነው።

«ዋናው መጽሔት ሲነኩት ስለሚፈርስ ባይገዛ ይሻላል»

ወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድና የእንጨት ቅሪት በብርሃንና በሙቀት ቡናማ ያደርገዋል፤ ያደርቀዋልም። ጥሩ ሆኖ የተቀመጠ ቅጂ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ሲገዙ ጠርዙን ይዩ፤ ገጹ ክሬም ወይም ቀላል ቡናማ ከሆነና ጥጉ በቀስታ ሲታጠፍ ካልተሰበረ ደህና ነው። ሽፋኑ ከገጾቹ ትንሽ ስለሚወጣ ዳር ዳሩ መቀደዱ የተለመደ ነው፤ በዋጋ ይደራደሩበት እንጂ አይሽሹ።

ሽቦው የተመታው በጎን በኩል ስለሆነ መጽሔቱ ተዘርግቶ አይተኛም። ከ90 ዲግሪ በላይ ከከፈቱት ጀርባው ይሰነጠቃል። በሁለቱም ሽፋን ሥር መጽሐፍ ደግፈው በቪ ቅርጽ ያንብቡት። የተቀደደውን በተራ ስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው በጊዜ ብዛት ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። ከአሲድ ነፃ የሆነ ካርቶን ከጀርባው አድርገው በፖሊስተር ከረጢት ያስቀምጡት፤ ሽታ ያለው ለስላሳ ፒቪሲ ላስቲክ አይሆንም። ቦታው ጨለማ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይሁን። ለተደጋጋሚ ንባብ ግን ስካኑን ይጠቀሙ።