ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ሥራና ስለ ደመወዝ እንነጋገር። በየዐውደ ምሕረቱ ስለ ጾም፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ ምጽዋት ብዙ እንማራለን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ግን እምብዛም አንሰማም። መጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ የተናገረበትን ነገር እኛ ለምን ዝም እንደምንለው አይገባኝም።

ጎንደር ውስጥ ቅዳሜ ማታ ግንባታ ባለበት ሰፈር ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሥራ አልቋል። የቀን ሠራተኞቹ ከበርሜሉ ውኃ ቀድተው ተለቃልቀዋል፤ ሲሚንቶው ከጥፍራቸው ሥር አልወጣም። ካቦው ደብተሩን ገልጦ ይቆጥራል። ለሰኞ አንድ ጭረት፣ ለማክሰኞ አንድ ጭረት። ሁሉም አንገቱን አስግጎ የራሱን ጭረት ይፈልጋል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። ባለቤቱ «ዛሬ አልተመቸኝም፣ ሰኞ እንተያይ» ይላል። ብር አጥቶ ላይሆን ይችላል። ሌላ ነገር ላይ አውሎታል፣ ወይም ባንክ መሄድ ታክቶታል። ሠራተኛው ግን ጠዋት ከሱቅ በዱቤ ዳቦ ወስዷል፤ «ማታ እከፍላለሁ» ብሎ። አሁን በሱቁ በር ማለፍ አፍሮ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባል። ቤት ሲደርስ ልጆቹ እጁን ያያሉ።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ላይ ስለዚህ ሰው የተጻፈውን እንስማ፦ «ድሀ ነውና፥ ነፍሱም በእርሱ ታምናለችና ዋጋውን በቀኑ ስጠው፤ ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው፤ ወደ እግዚአብሔር እንዳይጮኽብህ፥ ኃጢአትም እንዳይሆንብህ።» ዘሌዋውያን 19፥13ም የሞያተኛው ዋጋ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ጦቢትም ልጁን ጦብያን ሲመክር የሠራልህን ሰው ደመወዝ አታሳድርበት ብሎታል። ምሳሌ 3፥28 ደግሞ በእጅህ እያለ ወዳጅህን «ሂድና ተመለስ፣ ነገ እሰጥሃለሁ» አትበለው ይላል። «ነገ ና» የምትለዋ የለመድናት ቃል እዚያ ድረስ ትታወቃለች።

እግዚአብሔር ስንት ብር እንደምንከፍል ብቻ አይጠይቅም። መቼ እንደምንከፍልም ይጠይቃል። ለባለ ገንዘቡ ሦስት ቀን ምንም አይደለም። ለቀን ሠራተኛው ሦስት ቀን ማለት ዱቤ፣ ዕፍረትና ባዶ መሶብ ነው። የአጫጆቹ ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ ገብቷል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ከደጋው ወደ መተማና ወደ ቋራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ወንድሞቻችን ይህ ጥቅስ በስማቸው የተጻፈ ያህል ነው። ሰሊጥ ጊዜው ካለፈ ይረግፋል። ስለዚህ ሰው ሲፈለግ ባለ እርሻው ይለምናል፣ ያባብላል። ነዶው ከቆመ በኋላ ያው ሰው ሒሳብ ላይ ቢለወጥ፣ ከቃሉ ላይ ቢቀንስ፣ የዚያ አጫጅ እንባ ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?

ጾማችንም እዚህ ጋ ይፈተናል። ኢሳይያስ 58 ላይ ሕዝቡ «ጾምን፣ ለምን አላየኸንም?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ በጾማችሁ ቀን ሠራተኞቻችሁን ሁሉ ታስጨንቃላችሁ የሚል ነው። እኛም የሚካኤልን ዝክር እንደግሳለን፣ ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል። ያን ሁሉ እንጀራ ሌሊቱን ስትጋግር ያደረችው ሴት ገንዘቧን ሳትቀበል ከሄደች፣ በዝክሩ ላይ የምንቆርሰው የእሷን ላብ ነው። ቅዱስ ሚካኤል ይህን አይወድም።

«ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» የሚለውን የመጥምቁ ዮሐንስን ቃል ብዙ ሰው ይጠቅሳል። አሠሪ ይጠቅሰዋል፣ አንዳንዴም ሰባኪ። ቃሉ ግን ለማን ተነገረ? ሉቃስ 3፥14ን ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። የጠየቁት ጭፍሮች ናቸው፤ መሣሪያ የያዙ፣ ሰውን አስፈራርተው መቀማት የሚችሉ። ቀድሞ በማንም ግፍ አትሥሩ፣ ማንንም በሐሰት አትክሰሱ አላቸው፤ ከዚያ ነው ደመወዛችሁ ይብቃችሁ ያለው። ጉልበተኛውን እጅህን ሰብስብ ማለቱ ነው። ይህን ቃል ወስዶ የቤት ኪራይ መክፈል ላቃታት አስተናጋጅ ማንበብ ቃሉን መገልበጥ ነው። እሷ ላይ ጨክነን «ተመስገን በዪ» ስንል ምስጋናን መሸፈኛ እናደርገዋለን።

ከሁሉ በላይ የሚከብደኝ የቤታችን ነገር ነው። ከደምቢያ፣ ከበለሳ፣ ከወገራ የመጣች የዘመድ ልጅ በብዙ ቤት አለች። ስትመጣ «አስተምራታለሁ» ተብሎ ለእናቷ ቃል ተገብቷል። ማታ ትምህርት ትገባለች። ግን እራት ሳይነሳ አትወጣም፤ ክፍል ስትደርስ መምህሩ ግማሹን ጨርሷል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደግሞ እሳቱን የምታያይዘው እሷ ናት። ደመወዟን ያነሳ ሰው ሲኖር «እንዴ! ልጄ አይደለች እንዴ!» እንላለን።

እናቴ፣ ልጅሽ ከሆነች ከልጆችሽ እኩል ትተኛ፣ እኩል ታጥና፣ እኩል ትጫወት። ሠራተኛሽ ከሆነች ደመወዟ ይቆረጥላት፣ በወሩም ይሰጣት። ዕድሜዋ ገና ከሆነ ሥራዋ ትምህርቷ ነው። በመካከል አቁመን፣ ለሥራ ሲሆን ሠራተኛ፣ ለክፍያ ሲሆን ልጅ ማድረግ አንችልም።

ላባ ይህን ያውቅ ነበር። የእህቱ ልጅ ያዕቆብ መጥቶ አንድ ወር ከተቀመጠ በኋላ የተናገረው ቃል ግሩም ነው። ዘፍጥረት 29፥15 ላይ ወንድሜ ስለ ሆንህ በከንቱ ታገለግለኛለህን? ደመወዝህን ንገረኝ አለው። እንደ ቃሉ ቢሆን ምን ያማረ አሠሪ ነበር! ኋላ ግን ያዕቆብ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያገለግለው ደመወዙን አሥር ጊዜ ለዋወጠበት። ቀን በሐሩር፣ ሌሊት በቁር ተበላሁ፣ እንቅልፍም ከዓይኔ ጠፋ ብሎ ያዕቆብ ምሬቱን ተናገረ። ዝምድና ግፍን አላቀለለውም። እንዲያውም አከበደው፤ ባዕድ ቢሆን ቀድሞ ተዋውሎ ይገባ ነበር።

በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ቀን ለተሠራ ትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን ለተሠራ ደግሞ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አልታቀፈችም። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ ተቆጣጣሪ አይመጣም። ክርስትናችን የሚታየው ተቆጣጣሪ በማይመጣበት ቦታ ነው። የሰማዩን ሕግ ካነሳን ደግሞ እሷን አልረሳትም። ስለ ሰንበት ሲናገር «አንተ» ብሎ አላቆመም፤ ሎሌህም ገረድህም እንደ አንተ ይረፉ አለ፤ ዘዳግም 5፥14 ላይ ነው። እኛ ነጠላ ለብሰን ቅዳሴ ስንቆም ቤት ሽንኩርት የምትከትፈው ልጅ መቼ ነው የምታስቀድሰው? ቢያንስ ተራ እንግባላት። ወጡ ቢዘገይ ማንም አይሞትም።

ለሰው የምንከፍለው ማነስ የሚጀምረው ሰውየውን ከማሳነስ ነው። ይህን ጎንደሬ ሆኖ የማያውቅ የለም። የፋሲል ግቢን እንኮራበታለን፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1979 መዝግቦታል። ለጎንደር ነገሥታት ግንብ ከገነቡትና ከጠረቡት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች ነበሩበት። እነዚያ ሰዎች ርስት ተነፍገው፣ ብረት ሲቀጠቅጡና ሸክላ ሲሠሩ «ቡዳ» እየተባሉ ኖሩ። ግንቡ ተከበረ፣ እጁ ተናቀ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ጠቢብን፣ ማለትም ባለ እጁን፣ የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ ማስነገራቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። ጌታችንን በማርቆስ 6፥3 «ይህ ጸራቢው አይደለምን?» ብለው የናቁት ናዝሬት ላይ ነው። የመገናኛውን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልን ደግሞ እግዚአብሔር በመንፈሱ ሞላው፤ ወርቅና ብር፣ ድንጋይና እንጨት እንዲሠራ። እንጨት የሚጠርብን ሰው ያቃለለ ማንን እንዳቃለለ ይወቅ።

እርካታን በተመለከተ ብዙ ወጣቶች ይጠይቃሉ። ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ወንድም «በተማርኩበት አልሠራሁም፣ ሕይወቴ ባከነ» ይላል። ወንድሜ፣ ኀዘንህ እውነት ነው፤ አላቃልለውም። ግን ቅዱስ ጳውሎስን አስበው። በገማልያል እግር ሥር የተማረ ሊቅ ነበር። ቆሮንቶስ ላይ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። መርፌውን ይዞ ሐዋርያነቱን አልጣለም። ያንተም ዋጋ መሪው ላይ አላለቀም። ለባለ ባጃጁ የቀኑን ገቢ ስታስረክብ የማትዋሽ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሴት ስትሳፈር ጉድጓዱን ዞረህ የምታልፍ ከሆነ፣ ሥራህ በእግዚአብሔር ፊት ነው። ቆላስይስ 3፥23 ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ በትጋት አድርጉት ያለው ለታወቁ ሰዎች አልነበረም፤ ለባሮች ነበር። ከዚያው ቀጥሎ ጌቶችን በቅንና በትክክል አድርጉላቸው ብሏቸዋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መተው የለም። «ለእግዚአብሔር ብለህ ሥራ» የሚለውን ቃል ሠራተኛው ለራሱ ቢናገረው ጽድቅ ነው። አሠሪው ደመወዝ ለማሳነስ ሲናገረው ግን የእግዚአብሔርን ስም መነገጃ ማድረግ ነው።

ደመወዝ ይጨመርልኝ ማለትም ስስት አይደለም። ያዕቆብ «እኔ ደግሞ ለራሴ ቤት መቼ አደርጋለሁ?» ብሎ ጠይቋል። በአክብሮት ጠይቁ፣ የሠራችሁትን አሳዩ፣ ካልሆነ ደግሞ መልቀቅ ኃጢአት የለውም።

ሌላም ወገን አለ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ንግዱ ሞልቷል፣ ሰውየው ግን ቤቱ ውስጥ የለም። ሱቁን ንጋት ላይ ከፍቶ ማታ አራት ሰዓት ይዘጋል። ልጆቹን የሚያያቸው ተኝተው ነው። ለእነሱ ብዬ ነው ይላል፤ እነሱ ግን እሱን ነው የሚፈልጉት። መክብብ 4፥6 በድካም ከተገኘ ሁለት እጅ ሙሉ ይልቅ በዕረፍት የተገኘ አንድ እጅ ሙሉ ይሻላል ይላል። ይህ ቃል ሁለት እጅ ለሞላው ነው። አንድ እጁ እንኳ ላልሞላው ሰው አንዱን እጅ መሙላት የአሠሪው ዕዳ ነው። ሰው ሁሉ ይበላና ይጠጣ ዘንድ፣ በድካሙም ደስ ይለው ዘንድ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ብሎ ያው መክብብ በምዕራፍ 3 ይናገራል። ሥራ፣ እንጀራና ደስታ አንድ ላይ የተሰጡ ናቸው። ደመወዙ ተቀምቶ ሥራው ብቻ ከቀረ ስጦታው ተቆርጧል።

በመጨረሻ ራሳችንን፣ ቤተ ክርስቲያናችንን እንይ። ጎንደር 44ቱ ታቦት የሚባልላት፣ በበኣታ የአቋቋም ሊቃውንት የሚፈልቁባት ከተማ ናት። መሪጌታው ከሌሊት ጀምሮ ለቆሎ ተማሪዎቹ ያስተምራል። ዲያቆኑ በባዶ ሆዱ ቆሞ ይቀድሳል። ጥበቃው ውርጩን በአንዲት ጋቢ ያድራል። ደመወዛቸውን ስንጠየቅ «አገልግሎት ነው፣ ዋጋቸው በሰማይ ነው» እንላለን። በሰማይ ያለው ዋጋ የእግዚአብሔር ፈንታ ነው፤ የምድሩ የእኛ ነው። «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል» የሚለው ቃል በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥18 የተጻፈው በመስበክና በማስተማር ስለሚደክሙ ሽማግሌዎች ሲናገር ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላት የሆናችሁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ አጥሩ ቀለምና ስለ አዲሱ የድምፅ ማጉያ ከመነጋገራችሁ በፊት የደመወዝ መዝገቡን አስመጡ። ስም በስም አንብቡት። በዚያ ብር ዛሬ ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ወሩን ሊያልፍበት ይችል እንደሆነ ጮክ ብላችሁ ተጠያየቁ፤ ካልቻለ አጀንዳው ይህ ይሁን፣ ቀለሙ ይቆይ። እኛ ምእመናንም አሥራታችንን ስናወጣ እጃችን አይጠር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።