ክላሲካል ሙዚቃ ምንድን ነው? ዘፋኝ የሌለው ሁሉ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ወደ ለገጣፎ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳው ሰው "ክላሲካል ማለት ድምፃዊ የሌለበት፣ በመሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ ነው" አሉ። አዘጋጁም "ግልጽ ነው" ብሎ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። እኔ ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ ሲከነክነኝ ነበር።

ቤቴ እየመጡ የኦርኬስትራ አመራርና የሙዚቃ ታሪክ የሚማሩ ልጆች አሉኝ። እነሱም ይህንኑ ይዘው ነው የሚመጡት። "ጋሼ፣ ስልኬ ላይ ብዙ ክላሲካል አለ" ይሉኛል። ሲከፍቱት ዋሽንት ነው። ቀጥሎ ሳክስፎን። ቀጥሎ የታወቀ ዘፈን፣ ዜማው በኪቦርድ ተመትቶ።

እስቲ በምግብ ላስረዳ። "ሥጋ የሌለው ወጥ ሁሉ ሽሮ ነው" የሚል ሰው ቢመጣ ምን ትሉታላችሁ? ምስሩስ? ጎመኑስ? ድንች አልጫውስ? ሽሮን ሽሮ ያሰኘው ሥጋ ማጣቱ አይደለም። አተሩና ሽምብራው ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ስለተፈጨ ነው። ለዚህም ነው ሥጋ ሲገባበት ስሙ የማይጠፋው። ቦዘና ሽሮ ይባላል እንጂ ሽሮነቱን ማን ይክደዋል?

የቤትሆቨን 9ኛ ሲምፎኒ (ሲምፎኒ ለኦርኬስትራ የተጻፈ፣ ብዙ ክፍል ያለው ረጅም ሥራ ነው) ቦዘና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ቪየና ላይ በ1824 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ሦስቱ ክፍሎች በመሣሪያ ብቻ ይሄዳሉ። አራተኛው ላይ አራት ድምፃውያንና ሙሉ መዘምራን ይነሣሉ። በሬዲዮው ትርጉም ከሄድን ሰዎቹ አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ክላሲካል ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ቀረ ማለት ነው። በ1742 ደብሊን ላይ የቀረበው የሃንደል "መሲሕ"ስ? የሞዛርት ኦፔራዎችስ? ሁሉም የሚዘመሩ ናቸው፤ እነዚህን አውጥተን ምን ሊቀረን ነው?

የ9ኛው ሲምፎኒ ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ያን ምሽት ቤትሆቨን መድረክ ላይ ነበር፤ ጆሮው ግን አይሰማም። ተጫዋቾቹ እንዲከተሉ የተነገራቸው አብሮት የቆመውን መሪ፣ ሚካኤል ኡምላውፍን ነው። አመራር የሚማር ሰው ይህን ታሪክ ሊዘነጋው አይገባም።

ታዲያ የክላሲካል ዱቄቱ ምንድን ነው? በዋናነት ጽሑፉ ነው። ደራሲው ሥራውን በኖታ ጨርሶ ያስረክባል። ቫዮሊኑ ምን እንደሚጫወት፣ ትራምፔቱ መቼ እንደሚገባ፣ የት ጮክ የት ዝግ እንደሚባል ተጽፏል። ዝምታው ሳይቀር ተጽፏል። የቤትሆቨንን 5ኛ ሲምፎኒ አነሣሥ፣ "ታ ታ ታ ታም" የሚለውን፣ የማያውቅ የለም። ወረቀቱ ላይ ግን መጀመሪያ ያለው አጭር ዕረፍት ነው። መሪው እጁን የሚያወርደው በዚያ ዝምታ ላይ ነው፤ ተጫዋቾቹ ወዲያው ተከትለው ይገባሉ። አንድ ተማሪዬ ይህችን አንድ ቦታ ለማስተካከል ሦስት ሳምንት ፈጅቶበታል። እጁ ሲያመነታ፣ ፒያኖው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ብቻዬን እንኳ የት እንደምገባ ይጠፋኝ ነበር። ሙሉ ኦርኬስትራ ቢሆንስ ብላችሁ አስቡት። ከዚያ ደግሞ ቤትሆቨን እነዚያን አራት ድምፆች እያገላበጠ፣ እያሳጠረ፣ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እያቀበለ ሙሉውን ክፍል ይገነባባቸዋል። ይህ ግንባታም ከዱቄቱ ነው። መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ ኖታ እያነበበ ማርሽ የሚነፋ ባንድም አለ።

የታሪክ ሰዎች ቃሉን ከዚህም አጥብበው ይጠቀሙበታል። ለእነሱ ክላሲካል ዘመን ከ1750 እስከ 1820 ገደማ ያለው ነው። ሃይድን፣ ሞዛርት፣ ወጣቱ ቤትሆቨን። ባኽ እዚያ ውስጥ የለም፤ ከዚያ በፊት የነበረው የባሮክ ዘመን ሰው ነው። ቻይኮቭስኪም የለም፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ደግሞ ሃይድን ሥራዎቹን ሲያቀርብ ዛሬ እንደምናየው ባቶን (የመሪ ዘንግ) ይዞ መሐል የሚቆም መሪ አልነበረም። ከክላቪየሩ (እንደ ፒያኖ በጣት ከሚመታው መሣሪያ) ወይም ከቫዮሊኑ ሆነው ነበር የሚመሩት። ልጆቼ ሃይድንን ሲመሩ እጃቸውን እንዲቀንሱ የምጨቀጭቃቸው ለዚህ ነው።

እኚያው የሬዲዮ እንግዳ ትንሽ ቆይተው "የቅዱስ ያሬድ ዜማ የእኛ ክላሲካል ነው" አሉ። ዜማ እኮ ያለ ሰው ድምፅ የለም! ከአምስት ደቂቃ በፊት የሰጡትን ትርጉም ራሳቸው አፈረሱት። ሐሳቡ ግን መጥፎ አይደለም። ዜማችን ትምህርት ቤት አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ምልክትም አለው። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሆኑ ይነገራል። ነገር ግን ድፋትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶች ከመምህር የተማሩትን ያስታውሳሉ እንጂ፣ ዜማውን ሰምቶ ለማያውቅ ሰው እንደ ኖታ ተነበው አይሰጡም። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የራሳችን ሙዚቃ ስሙን ማጣቱ ነው። ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን የተጫወተው ሽለላና ፉከራ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ የሠራው ኢትዮ ጃዝ ነው። ሁለቱም "ክላሲካል" በሚል ሲጠሩ ሰምቻለሁ። የሙዚቃ ደራሲው አሸናፊ ከበደ ስለ ዋሽንት ነፊ እረኛ ለፍሉት (ለፈረንጆቹ ዋሽንት) እና ለኦርኬስትራ የጻፈው ሥራ ክላሲካል ነው፤ ተጽፏል፣ መሪም ይፈልጋል። እረኛው ራሱ ሜዳ ላይ የሚነፋው ግን ሌላ ነው። እሱ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይነፋዋል፤ ጥበቡም እዚያው ላይ ነው። አንዱ ከሌላው አያንስም።

ያ ተማሪዬ ባለፈው ቅዳሜ ስልኩን ይዞ "ታዲያ ጋሼ፣ ይኼን ዋሽንት ምን ልበለው?" አለኝ። ሁለት ጊዜ ሰማነው። አምባሰል ነበር። "ክላሲካል 4" ብሎ ያስቀመጠውን ሰርዞ "አምባሰል፣ በዋሽንት" ብሎ ጻፈ። የነፊውን ስም ፈለግን፣ ፈለግን፣ አላገኘነውም።