የመንግሥት ሠራተኛ ጤና፦ ሕግ የሚያስገድደውና ኃላፊ የሚፈቅደው

በሰሜን ሸዋ መሥሪያ ቤቶች ስለ ስፖርት ሰዓት፣ ስለ ግፊትና ስኳር ምርመራ ሲነሣ ደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ ሠራተኛውን ይጎዳሉ።

«የሠራተኛ ጤና የኃላፊ ቸርነት ነው»

አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ንዑስ አንቀጽ 2 ሠራተኛ በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ጤናማ፣ አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የዓርብ ከሰዓት ኳስ ግን እዚያ አልተጻፈም፤ እሱ በኃላፊ ውሳኔ የሚፈቀድ ነው። ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ቀላቅሎ «መብታችን ነው» ማለት ዋናውን ጥያቄ አብሮ ያስጥላል።

ለምሳሌ የደብረ ብርሃንን ብርድ እንውሰድ። ጠዋት መስኮት ተዘግቶ ከሰል ማንደጃ ቢሮ ውስጥ ይገባል። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማዞር ሲጀምር ሰው ጉንፋን ይመስለዋል። ማንደጃው ወጥቶ በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይተካ ብሎ መጠየቅ በቀጥታ አንቀጽ 42ን ይመለከታል። ይህ ከኳሱ በፊት ለብቻው ይጻፍ።

«የፌዴራሉ አዋጅ ለሁላችንም ይሠራል»

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው፤ የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን የሚተዳደረው በአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። በፌዴራል ደረጃም የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 በአዋጅ 1353/2017 ተተክቷል። የተሻረ ቁጥር የጠቀሰ ማመልከቻ ይዘቱ ሳይነበብ ሊመለስ ይችላል፤ ከመጻፍ በፊት የሚመለከታችሁን አዋጅ ከሰው ሀብት ክፍል ጠይቁ።

«ምርመራው ግዴታ ነው፤ ውጤቱም ለሰው ሀብት ይሰጣል»

ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 515/1999 ሠራተኛ በበቂ ምክንያት ሲጠየቅ የጤና ምርመራ እንዲያደርግ ያስገድድ ነበር፤ የኤች አይ ቪ ምርመራን ግን ለይቶ ያወጣ ነበር። 1064/2010ም ይህንኑ ይዞ ቀጥሎ ነበር፤ ሁለቱም ዛሬ ተሽረዋል። የጤና ቀን ዘመቻ ብቻውን «በቂ ምክንያት» ነው ብሎ ማስገደድ አያዋጣም፤ በፈቃድ ይሁን። የግል ሕይወት መከበር ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ተደንግጓል።

በአዳራሽ መሐል አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥና ነርሷ «160 በ100» ብላ ጮክ ትላለች፤ ከጎኗ ያለው ሰው ቁጥሩን ከስሙ ጋር ስም መቆጣጠሪያው ላይ ይጽፋል። በሚቀጥለው ዓመት ያ ሠራተኛ አይመጣም። የሚሻለው እንዲህ ነው፦ ለብቻ ክፍል ወይም መጋረጃ ይዘጋጅ። ደረጃ ወጥቶ የመጣ ሰው ግፊቱ ከፍ ስለሚል 5 ደቂቃ ዐርፎ ይለካ። ውጤቱ በወረቀት ለራሱ ይሰጠው። ለሰው ሀብት የሚሄደው ስንት ሰው እንደተመረመረና ስንቱ ወደ ጤና ተቋም እንደተላከ ብቻ ይሁን። ሰባት ሠራተኛ ባለው ክፍል ግን «አንዲት ሴት ስኳር አለባት» ማለት ስሟን እንደመጥራት ነው፤ ድምሩ የመሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይሁን።

«ብርድ ስለሆነ ኮሪደር ላይ ማጨስ ይቻላል»

አይቻልም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112/2011 በማንኛውም የቤት ውስጥ የሥራ ቦታ ማጨስን ይከለክላል። በር ላይ ቆሞ ማጨስም መፍትሔ አይደለም፤ ጭሱ ተመልሶ ይገባል።

«ኳስ ሜዳ ላይ መሰበር ምንጊዜም በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው»

ጉዳቱ ከሥራው ጋር መያያዙ መረጋገጥ አለበት። በቃል በተፈቀደ ጨዋታ ላይ የተሰበረ ሰው ይህን ለማስረዳት ይቸገራል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው ተጠቅሶ በኃላፊ ፊርማ ይውጣ፤ ተሳታፊዎች በየዕለቱ ይፈርሙ። ጉዳት ከደረሰ በዚያው ቀን ለቅርብ ኃላፊ በጽሑፍ ይገለጽ፤ የሁለት ምስክሮች ስምና የሐኪም ማስረጃ ይያያዝ፤ ማመልከቻው ገቢ የሆነበት ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ሠራተኛው ዘንድ ይቅር።