«ኦርጋኑ ተበላሽቷል» ከማለት በፊት

«ጋሼ፣ ኦርጋኑ ድምፅ እየዋጠ ነው።» ጥር ላይ፣ ሰርግ በተደራረበበት ሰሞን፣ አንድ ወጣት ተጫዋች ኮርግ ኤም ዋኑን በባጃጅ ጭኖ ከድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር እኔ ያለሁበት ከዚራ ድረስ መጣ። (እኛ ዘንድ ሲንተሳይዘሩም ኪቦርዱም ስሙ ኦርጋን ነው፤ ለማረም ሞክሬ ትቼዋለሁ።) ካቻቢቴ እንኳን አላነሳሁም። «ኮምቢኔሽን» ከሚለው አውጥቼ «ፕሮግራም» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ የተዋጠው ድምፅ ተመለሰ።

ኤም ዋን በፈረንጆች 1988 ዓ.ም. የወጣ መሣሪያ ነው። ሥራውን የከፋፈለባቸው ሞዶች (የአሠራር ሁኔታዎች) በኋላ በመጡ ብዙ ሲንተሳይዘሮችም ላይ አሉ፤ ስማቸው ብቻ ይለያያል። አምራቹ ኮርግ «ፕሮግራም» እና «ኮምቢኔሽን» የሚለውን ሌላው አምራች ሮላንድ «ፓች» እና «ፐርፎርማንስ» ይለዋል። ወደ እኔ ከሚመጡት «ብልሽቶች» አብዛኞቹ ተጫዋቹ የትኛው ሞድ ላይ እንዳለ ካለማየቱ የሚመጡ ናቸው።

«ኮምቢኔሽን ከፕሮግራም የተሻለ ድምፅ ነው»

የልጁም ችግር ይህ እምነት ነበር። ፕሮግራም አንድ ድምፅ ነው፦ ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ዋሽንት። ኮምቢኔሽን ደግሞ በኤም ዋን ላይ እስከ 8 የሚደርሱ ፕሮግራሞችን አንድ ላይ የሚያሰልፍ ነው። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራረብ ይወፍራል፤ ቤት ውስጥ ብቻችንን ስንሞክረው ያስደስታል። ዋጋው የሚታወቀው ግን ዳስ ውስጥ ነው።

ኤም ዋን በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው 16 ድምፅ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ለአንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ይወስዳል፤ ሁለት የድምፅ ምንጭ ያለው ግን ሁለት ይወስዳል። እንዲህ ያሉ ሁለት ፕሮግራሞች ሲደራረቡ አንድ ቁልፍ አራት ድምፅ ይበላል። 16 ለ4 ሲካፈል፣ አራት ቁልፍ ብቻ! በግራ እጅ ሦስት ቁልፍ ኮርድ ተይዞ በቀኝ አንድ ዜማ ሲነካ ቤቱ ሞላ ማለት ነው። አምስተኛው ቁልፍ ሲነካ ከፊተኞቹ አንዱ ይቆረጣል። እግር ድምፅ በሚያስረዝመው ፔዳል ላይ ከሆነማ ከናካቴው አይወራም።

ኮምቢኔሽን አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ቁልፎቹን ለሁለት ከፍሎ ግራው ቤዝ፣ ቀኙ ዋሽንት እንዲሆን ማድረግ ዋነኛ ጥቅሙ ነው፤ እያንዳንዱ ቁልፍ የሚጠራው አንድ ፕሮግራም ብቻ ስለሆነ ድምፅ አይባክንም። በአንድ ምሽት ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ ሶማሊኛና ሐረሪ ዘፈን በሚገለበጥበት የድሬ ሰርግ፣ ለእያንዳንዱ የተዘጋጀ ኮምቢኔሽን ያለው ተጫዋች ዘፋኙን አያስጠብቅም።

«ፕሮግራሙን ብለውጠው ኮምቢኔሽኑን አይነካውም»

ይነካዋል። ኮምቢኔሽን የፕሮግራሙን ቅጂ አይዝም፤ «ቁጥር 12ን ጥራ» የሚል ትእዛዝ ነው የያዘው። 12 ላይ የነበረው ቤዝ ተሰርዞ መለከት ከተጻፈበት፣ 12ን የሚጠሩ ኮምቢኔሽኖች ሁሉ በቤዝ ፋንታ መለከት ይነፋሉ። ኢፌክቱ ግን በተቃራኒው ነው፤ ኮምቢኔሽን የራሱ ኢፌክት ስላለው ፕሮግራሙ ላይ ተስተካክሎ የነበረው የማስተጋቢያ ኢፌክት አብሮ አይመጣም። «እዚያ ያማረ እዚህ ደረቀ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

«ሲክዌንሰር እንደ ቴፕ ይቀዳል»

ሲክዌንሰር፣ ማለትም የተጫወትነውን መዝግቦ መልሶ የሚጫወተው የኦርጋኑ ክፍል፣ ድምፅ አይቀዳም። የሚመዘግበው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘፋኙን አይቀዳልንም። በአንጻሩ የተመዘገበው ክራር ነገ ፒያኖ ሊሆን፣ ፍጥነቱም ቅኝቱ ሳይዛባ ሊጨመር ይችላል። ካሴት ይህን ያድርግ እስቲ!

«ግሎባል አይነካም፤ ማሽኑን ያቃጥላል»

ምንም አያቃጥልም። የጠቅላላው መሣሪያ ቅኝት፣ የሚዲ (መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ቋንቋ) ቻናል፣ የማህደረ ትውስታ ጥበቃ የሚገኙት እዚያ ነው። ሳያውቁ ነክቶ መውጣት ግን ያስደነግጣል። «ሎካል» የሚለው ከተዘጋ ቁልፎቹ ከውስጥ የድምፅ ክፍሉ ጋር ይቆራረጣሉ፤ ቢመቱት ቢመቱት ዝም። ይህ ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኝ አንዱ ኖታ ሁለት ጊዜ እንዳይሰማ የተሠራ ነው። እንዲህ ዝም ያለ ኦርጋን፣ ባለቤቱ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ተብሎ፣ በመለዋወጫ ዋጋ ሊሸጠው ሲል ደርሼበታለሁ።

«አንዴ ያስተካከልኩት ይቀመጣል»

ማስተካከያው «ራይት» የሚለው ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ ጊዜያዊ ነው። መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋ የአንድ ከሰዓት ድካም አብሮ ይሄዳል፤ ወደ ሌላ ፕሮግራም መዞር እንኳን ያጠፋዋል። «ራይት» አልቀበልም ካለ ግሎባል ውስጥ ያለው የማህደረ ትውስታ ጥበቃ በርቶ እንደሆነ ማየትና ማጥፋት ነው።

በአግባቡ የተጻፈውም ጭምር ከጠፋ፣ ውስጥ ያለችው ባትሪ ማለቋን መጠርጠር ይገባል። በኤም ዋን ውስጥ ያለችው ሲ አር 2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት። ከመቀየሯ በፊት ግን ድምፆቹን በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ያስፈልጋል፤ እሷ ስትነቀል ውስጥ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል።