ሰይጣን ነው ከማለት በፊት ከሰሉን ማየት፦ በደሴና በኮምቦልቻ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ስሟን ያገኘችው ሰማይ ላይ ከታየ ምልክት ነው ይባላል። በ1875 ዓ.ም. መግቢያ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 1882፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ባለ ጅራት ኮከብ ታየ፤ ንጉሡም እንደ መልካም ምልክት ቆጥረው ቦታውን ደሴ፣ ደስታዬ፣ አሉት። የስሙ ታሪክ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። ኮከቡ ግን በመዝገብ የሰፈረ ነው፤ በቀን ብርሃን ከፀሐይ አጠገብ እስኪታይ የደመቀ እንደነበር በየአገሩ ያሉ የሰማይ ተመልካቾች ጽፈውታል። በረዶና አቧራ መሆኑን፣ በየስንት መቶ ዓመቱ እንደሚዞር ዛሬ እናውቃለን። ይህን በማወቃችን የከተማዋን ስም የቀየረ የለም።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። አንዲት ነርስና አንድ ዲያቆን ጓደኞች አሉኝ። «ቤታችን ውስጥ የሆነ ነገር አለ» የሚል ሰው ሲጠራን ሦስታችንም እንሄዳለን። ክፍያ የለውም፤ ቡና ግን አይቀርም። የምንይዘው ማስታወሻ ደብተር፣ የእጅ ባትሪ፣ ቴርሞሜትር፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ እና የዲያቆኑን መዝሙረ ዳዊት ነው። በየቤቱ ደጋግመን ከምንሰማቸው አባባሎች ጥቂቶቹን እነሆ።

«መመርመር እምነት ማጣት ነው»

ይህን የሚሉን አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ስለዚህ መልሱን ለዲያቆኑ እተዋለሁ። እርሱም የዮሐንስን አንደኛ መልእክት ምዕራፍ 4 ይከፍታል፦ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ። ትእዛዙ ለተጠራጣሪዎች ሳይሆን ለአማኞች የተጻፈ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በወንጌል ደቀ መዛሙርቱ መንፈስ ያዩ የመሰላቸው ሁለት ጊዜ ነው። አንዱ በባሕር ላይ ሲሆን «ምትሀት ነው» ብለው ጮኹ። ሁለተኛው ከትንሣኤ በኋላ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ተሳስተው ነበር፤ የመጣው ጌታ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ያላቸውም «ዳስሳችሁ እዩ» ነው። ከዚህ የበለጠ የመስክ ምርመራ ፈቃድ አላውቅም።

«ሌሊት ኮቴ የሚሰማበት ቤት ጅን ሰፍሮበታል»

ክርስቲያኑ ሰይጣን ይለዋል፣ ሙስሊም ጎረቤቱ ጅን ይለዋል፤ በወሎ ደንብ ሁለቱም አብረው ይፈሩታል።

በአንድ ክረምት ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ በተባለው ሰፈር ወደሚገኝ አሮጌ ቤት ተጠራን። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንዲት ጠባብ መስኮት። ቤተሰቡ ለሳምንታት ሌሊት ኮቴ ይሰማል፤ አያቲቱ በሩ ላይ የቆመ ጥቁር ሰው ያያሉ፤ ሁሉም ጠዋት የሚነሡት ራሳቸውን እያመማቸው ነው። አንዲት ልጅ ከአልጋዋ ስትነሣ ወድቃለች። ጠበል ተረጭቷል፣ ዕጣን በየማታው ይጤሳል። የባሰውም ዕጣኑ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ «ተቆጥቶ ነው» አሉን።

ነርሷ ስለ ሰይጣኑ አልጠየቀችም። «ራስ ምታቱ ከቤት ስትወጡ ይተዋችኋል?» አለች። አዎ፤ አባትየው ሥራ ቦታ ሲደርስ ይተወዋል። ቤት የምትውለውን እናት ግን ቀኑን ሙሉ አይለቃትም። ቡናው እየተፈላ ነበር፤ በሩ ለብርዱ ተዘግቷል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይቀዳ መለኪያው መጮኽ ጀመረ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት ሌሊቷ አይቻልም። ስለዚህ ሰው የከሰል ምድጃውን ወደ መኝታው ያስገባል። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭስ ስለሌለው «ንጹሕ ሆነ» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያያዛል፤ አእምሮ አየር ሲያጥረው ደግሞ ራስ ምታት፣ ፍርሃት፣ አንዳንዴም የሌለ ነገር ማየትና መስማት ይመጣል። ዊሊያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታሪክ ከዚህ ብዙም አይለይም፤ ኮቴ የሚሰማና ሰው የሚታይበት ቤት ነበር፣ ጥፋተኛው የተበላሸ የቤት ማሞቂያ ምድጃ ሆኖ ተገኘ። የእኛዎቹ ደግሞ ሰይጣኑን ለማባረር ዕጣን ሲያጤሱ፣ ለዕጣኑ ከሰል ይጨምሩ ነበር።

ምድጃው ወጣ፣ መስኮቱ ተከፈተ፣ ጥቁሩ ሰውዬ ቀረ። ኮቴው ግን ቀጠለ። በዚህ ጊዜ ዲያቆኑ ትንሽ ደስ ያለው መሰለኝ።

ኮቴው የጣሪያው ነበር። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ማታ ይሰበሰባል። 2 ሜትር የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲወርድ ሰባት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ሚስማሩ ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ሲያይል ያመልጠዋል፦ ጧ። ቀጥሎ ያለው ደግሞ፦ ጧ። በጨለማ ለተኛ ሰው ይህ ከአንዱ የጣሪያ ጫፍ ወደ ሌላው የሚራመድ ኮቴ ነው። ቴርሞሜትሩንና ሰዓቱን ይዘን ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ቆጠርን፤ ኮቴው የሚበዛው ብርዱ ፈጥኖ በሚወርድበት ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሲሆን፣ ደመናማ ሆኖ በዋለው ቀን ምሽት ግን ጭራሽ አልተሰማም።

«ዱካክ ደረት ላይ የሚቀመጥ መንፈስ ነው»

ዱካክ የተጫነው ሰው አይዋሽም። ነቅቷል፣ ክፍሉን ያያል፣ መንቀሳቀስ ግን አይችልም፤ ደረቱን ይጫነዋል፤ አጠገቡ የቆመ አካል አለ። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አእምሮ ጡንቻዎቻችንን ይቆልፋል፤ ባይቆልፍ ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ግድግዳ በገጨን ነበር። አንዳንዴ ሰውየው ይነቃል፣ ቁልፉ ሳይከፈት ይቀራል። ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፤ ታሪኩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። በጀርባ መተኛት፣ እንቅልፍ ማጣትና በየጊዜው የሚቀያየር የመኝታ ሰዓት ያመጡታል። ኮምቦልቻ ውስጥ በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ወጣቶች ለምን አብዝተው እንደሚነግሩን ከዚህ ይገባኛል። ጫት ያቆመ ሰውም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ ይበረታበታል፤ «ጫቱ ነው የሚጠብቀኝ» ብሎ ወደ ቃሚነቱ የሚመለስ አለ። ጫቱ አልጠበቀውም፤ መራቁ የሚያመጣው ነውና ቀን ያልፋል።

ከመተኛት በፊት መጸለይስ? ይጸለይ። የተረጋጋ ሰው የተሻለ ይተኛል፤ ዲያቆኑ ደግሞ ለጸሎት ከዚህ የላቀ ምክንያት አለው።

«የሚጥለው ሰው ሁሉ ጋኔን አለበት»

ይህ ሰው የሚገድል ስሕተት ነው፤ ስለዚህ አልቀልድበትም። የሚጥል በሽታ የአንጎል በሽታ ነው፤ በርካሽ ዋጋ የሚገኝ እንደ ፊኖባርቢታል ያለ መድኃኒት አለው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ እጅና እግሩን መያዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

«ወንጌሉስ?» ይሉናል። ማቴዎስ ምዕራፍ 4 ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር፣ አጋንንት ያደሩባቸውንና በጨረቃ የሚነሣባቸውን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው። «ምዕራፍ 17 ላይ ያለው ልጅስ?» ብሎ የሞገተኝ ራሱ ዲያቆኑ ነበር። እውነቱን ነው፤ የዚያን ልጅ መውደቅ ወንጌሉ ለጋኔን ሰጥቶታል። ያን የለየው ግን ጌታ ነው፤ የሰፈራችን ሰው በዓይኑ አይቶ ሊለይ አይችልም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1614 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሥርዓት እንኳ ጋኔን የሚያወጣው ካህን በመጀመሪያ የሚታዘዘው፣ ሰው ጋኔን ይዞታል ብሎ በቀላሉ እንዳያምን ነው። በእኛም አገር አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ጠበል የሚጠመቅ ሰው እንክብሉን አይጣል።

«ጉሙ ውስጥ ግዙፍ ሰው ታይቷል»

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው በሐረጎ መንገድ ላይ ሌሊት መኪና የሚነዱ ሹፌሮች ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ቀድሞ አላምናቸውም ነበር። ከዚያ በአንድ መስከረም ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ከዲያቆኑ ጋር ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቆመን፣ ፀሐይዋ ከጀርባችን ስታዘቀዝቅ ደሴን የሸፈነው ጉም ወደ ላይ መጣ። በጉሙ ላይ ሁለት ግዙፍ ጥቁር ሰዎች ቆመው ነበር። እጄን ሳነሣ አንደኛው አነሣ። በራሱ ዙሪያ ደግሞ ልክ እንደ ቅዱሳን ሥዕል ባለ ቀለም የብርሃን ቀለበት።

«ቀለበቱን አየኸው? በእኔ ራስ ላይ» አልኩት።

«በእኔ እንጂ!» አለ ዲያቆኑ።

ሁለታችንም ልክ ነበርን። የየራሳችን ጥላ በጉሙ ላይ ወድቆ ነው፤ ርቀቱን መገመት ስለማይቻል ይገዝፋል። ቀለበቱን የሚሠሩት ብርሃኑን ወደመጣበት የሚመልሱት የውሃ ነጠብጣቦች ናቸው፤ እያንዳንዱ ሰውም በራሱ ራስ ዙሪያ ብቻ ነው የሚያየው። ዲያቆኑ እስከ ከተማ ድረስ እየሳቀ ወረደ፤ የሌላውን ቅድስና ማንም አላየም። በሐረጎ ሌሊት የፀሐይዋን ቦታ የሚይዘው ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና መብራት ነው። እርሱ ቀለበት ላያሳይ ይችላል፣ ጥላውን ግን ያገዝፋል።

«ፎቶ አይዋሽም»

ተንሳፋፊ ነጭ ክብ የሚታይበት ፎቶ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ከሌንሱ ፊት ያለ አቧራ ወይም የዝናብ ጠብታ በፍላሹ ሲበራ ነው። የስልኩን ፍላሽ አጥፍታችሁ ደግማችሁ አንሡ።

«የበላውን ቡዳ ማስለፍለፍ ይቻላል»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የታመመች ልጅ ተከባ «ማን በላሽ?» እየተባለች ስም እስክትጠራ ትጨነቃለች። የምትጠራው ስም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ የከበቧት ሰዎች ቀድመው የጠረጠሩት የሸክላ ሠሪዋ ወይም የቀጥቃጩ ስም ነው። ይህ ግኝት አይደለም፤ ጥያቄው ራሱ ተመልሶ መምጣቱ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1853 እ.ኤ.አ. በመናፍስት ይሽከረከራል የተባለን ጠረጴዛ ሲመረምር፣ የሚገፋው የተቀመጡት ሰዎች እጅ እንደሆነ፣ እነርሱም እንደማያውቁት በቀላል መሣሪያ አሳየ። የእኛው ሌባ ሻይም እንዲሁ ነበር፤ መጠጥ የሰጡት ልጅ እየተንገዳገደ የሌባውን ቤት ያሳያል ይባላል፣ መቀነቱን የያዘው ግን ጌታው ነው። በኋላ በአዋጅ ተከለከለ። ጥንቆላን አጥብቀው የተዋጉት አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደስክና ዲኖ የተባሉ መናፍስትን አምልካችኋል በሚል ክስ የገዛ ልጆቻቸውን ሳይቀር ቀጥተዋል። ክሱ አንዴ ከተጀመረ የት እንደሚቆም ከዚህ ይታያል።

በእኛ ማስታወሻ ደብተር ውስጥ አንድ ደንብ ብቻ በቀይ ተጽፏል፦ የማንም ጎረቤት ስም አይጻፍም።

«ሳይንስ መንፈስ እንደሌለ አረጋግጧል»

አላረጋገጠም። የእኔ ቴርሞሜትር የሚለካው ሙቀት ነው፤ መልአክ መኖር አለመኖሩን አይለካም። በኢንተርኔት «መንፈስ መለኪያ» ተብሎ የሚሸጠውም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲጠጉት የሚጮኽ ዕቃ ነው።

«ምክንያቱ ካልታወቀ መንፈስ ነው»

ኮምቦልቻ ውስጥ አንዲት እማማ ቡፌያቸው ውስጥ ያሉ ብርጭቆዎች ሌሊት ይንቀጫቀጩባቸዋል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ምድሩን ነው፤ ከተማዋ በአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ናት፣ ከዚህ በስተደቡብም በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው ርዕደ መሬት ማጀቴን አፍርሷል። ቀጥሎ የጭነት መኪና፣ ቀጥሎ የጎረቤት ወፍጮ ጠረጠርኩ። ሁለት ሌሊት አደርን። የመጀመሪያው ጸጥ ያለ ነበር። በሁለተኛው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ብርጭቆዎቹ ለአሥር ሴኮንድ ያህል ተንቀጫቀጩ። መኪና አላለፈም፣ ወፍጮው ዝግ ነው፣ ሳህን ላይ ያስቀመጥኩት ውሃ አልተነቃነቀም። ደብተሩ ላይ «ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ።

«እና ምን ልበል፣ ልጆቼ?» አሉ እማማ።

«ውዳሴ ማርያም ይድገሙ፣ እማማ» አለ ዲያቆኑ፤ «ብርጭቆዎቹንም አራርቀው ይደርድሯቸው።»

ሁለቱንም አደረጉ። ገጹን አልዘጋሁትም፤ ለሦስተኛው ሌሊት ከጥምቀት በኋላ ቀጠሮ ይዘናል።