ቡዳ ምንድን ነው?

ቡዳ ሲባል በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሌሊት ደግሞ ጅብ ሆኖ የሚዞር ሰው ማለት ነው። ልጅ ድንገት ሲከሳ «ቡዳ በልቶት ነው» ይባላል። ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬስ ያልሰማ አለ?

ወሬው ግን አድራሻ አለው። ቡዳ ሲባሉ የኖሩት በብዛት ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቤተ እስራኤሎች ናቸው። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ሚስቱም ያለ ምጣድ አትጋግርም። ዕቃውን የሠራውን ሰው ግን በጋብቻ የሚያስጠጋው የለም። ብዙዎቹ ርስትም አልነበራቸውም። «እሱ እኮ ማታ ማታ ጅብ ነው» ከተባለ በኋላ ደግሞ ለምን ርስት አጣ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። የቡዳ ወሬ ዋና ሥራው ይኼ ይመስለኛል፤ ሰው ተብሎ የሚቆጠረውን መምረጥ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡ ግን ዛሬም አለ።

«ሰው ናቸው ወይ?» የመባል ተራው እኛ አፍሪካውያን ላይም ደርሷል። ሮማዊው ፕሊኒ በ1ኛው ክፍለ ዘመን፣ ራስ የሌላቸው፣ ዓይንና አፋቸው ደረታቸው ላይ የሆነ ሕዝቦች አፍሪካ ውስጥ አሉ እንደሚባል ጽፏል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቁ አውግስጢኖስ «እንዲህ ያሉት የአዳም ልጆች ናቸው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ ደስ ይላል፦ በእርግጥ ካሉ፣ የሚያስብና የሚሞት ሰው ከሆኑ፣ መልካቸው ምንም ቢሆን ዘራቸው ከአዳም ነው።

እዚህ ሐረር ያው ጅብ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ባለ እጅ አይናቅም ነበር እያልኩ አይደለም፤ የማወራው ስለ ጅቡ ነው። ማታ ጁገል፣ በግንብ የተከበበው አሮጌው ከተማ፣ ገብቶ ይዞራል፤ ግንቡ ላይ የራሱ መግቢያ ቀዳዳ አለው። ጥራጊውን ይበላል፣ ጅንም ይበላል ይባላል። ከከተማው ዳር ሥጋ በእንጨት አድርገው፣ እንጨቱን በጥርሳቸው ይዘው የሚያጎርሱት አሉ። በሙስሊሞች የዓመቱ የመጀመሪያ ወር በሚውለው በአሹራ ቀን ደግሞ ቅቤ የጠገበ ገንፎ ይቀርብለታል። ጥሩ አድርጎ ከበላ ዓመቱ መልካም ይሆናል፤ ሳይነካው ከሄደ ነገሩ ያሳስባል።